ከደጅ ያስቀደሰችበት ዓመት

ብቸና፣ ጥር 28 ቀን 1963 ዓ.ም.

እቴቴ ይርጋነሽ፣

«እንደምን ሰነበትሽ» ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ይህ ቃል ከእኔ አፍ ሲወጣ ሰላምታ መሆኑ ቀርቶ ምርመራ ሆኗል። እናም መልስ እጠብቃለሁ፤ በእውነት እንደምን ሰነበትሽ? እግርሽስ? ከገበያ ስትመለሺ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ያጥርሻል?

ከማርቆስ ሆስፒታል ወጥተሽ በብቸና ስታልፊ ባለመገኘቴ ይቅር በይኝ። ያን ዕለት በበቅሎ ወደ ዓባይ በረሃ ወርጄ ፈንጣጣ ስከትብ ነበር። ስመለስ ዘበኛው «አክስትዎ መኪና ላይ ሆነው አለፉ፤ ይህን ለልጄ ስጡልኝ አሉ» ብሎ አንድ ቅል ማር አቀበለኝ። ሳንባዋን ታማ ከሆስፒታል የወጣች ሴት ለጤነኛ ሰው ማር ትሰጣለች! ተናድጄ በላሁት።

ከጎንደር ተመርቄ የጤና መኮንን ተብዬ እዚህ ስመደብ «ሞጣ ቅርብ ነው፤ በየወሩ እየመጣሁ አይሻለሁ» ብዬሽ ነበር። ቅርብ መሆኑ እውነት ነው፤ እኔን የሚለቀኝ ግን አልተገኘም። እናቴ ከሞተች ጀምሮ እናትም አክስትም የሆንሽኝ አንቺ ነሽና ይህ ሲቆጨኝ ይኖራል።

«ምን እንደያዘኝ በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ እንጂ ለእኔ የነገረኝ የለም» ላልሽው በእኛ ቋንቋ እነሆ። ቀኝ ባትሽ ውስጥ ያለው ደም ረጋ፤ እርጎ እንደሚረጋ በይው። ከረጋው ላይ ቁራጭ ተነሥቶ በደም ሥር ሽቅብ ተጓዘ፤ በልብሽ አልፎ ሳንባሽ ውስጥ መንገዱ ሲጠብበት ተወተፈ። እንደ ጦር የወጋሽ፣ ደም ያስተፋሽ እሱ ነው። ምች አይደለም፣ መጋኛም አይደለም፣ የሰው ዓይንም አይደለም። ስለዚህ ጎረቤትሽን ወይዘሮ ደስታነሽን ይቅር በያቸውና ሰላም በያቸው። የማርቆሱ ሐኪም በመርፌ ደሙን አቅጥኖ አትርፎሻል።

ለምን ረጋ ለሚለው፣ «ለመሪጌታ ጋቢ ጥጥ ስፈትል ከመቀመጫዬ ሳልነሣ ከርሜ ነው» ብለሽ ለሐኪሙ ነግረሽዋል። ሊሆን ይችላል። ለጊዜው በዚህ እንለፈው።

እስከዚያው ስትፈትዪ ቶሎ ቶሎ ተነሥተሽ ተራመጂ። ሰው በተጨናነቀበት ቦታ ቆመሽ አትዋዪ። ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ከደጅ በኩል፣ አየር ካለበት ሁኚ፤ እግዚአብሔር ከደጅ ያለውንም ይሰማል። ደግሞ ለእነዚህ መልስ ላኪልኝ፦ ምግብ ይበላልሻል? ከስተሻል? ጡትሽ ላይ ወይም ብብትሽ ሥር የሚዳሰስ እብጠት አለ? ከየትኛውም የሰውነትሽ ክፍል ደም ታያለሽ? ሳታፍሪ አንድ በአንድ ንገሪኝ።

ልጅሽ አካለ ወልድ


ሞጣ፣ የካቲት 12 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለተወደድኸው ልጃችን ለአካለ ወልድ። ቃሉ የይርጋነሽ ነው፣ ፊደሉ የጎረቤትህ የመሪጌታ ገላው።

ልጄ፣ ደብዳቤህ ደረሰኝ። መሪጌታ ከበራፋችን ተቀምጠው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያነቡልኝ ደስታነሽም መጣች፣ ሀብትነሽም መጣች፤ የእግሬን ታሪክ ሰፈሩ ሁሉ ዐወቀው። «ጡት» የምትለዋ ላይ ሲደርሱ መሪጌታ ሳል ያዛቸው። (እውነት ነው፣ ብርድ መትቶኝ ነበር። ገላው።) ደስታነሽ ዓይኗ ንጹሕ መሆኑን ከሐኪም አፍ ስለሰማች ደስ ብሏታል፤ ባለፈው ዓመት የተበደረችኝን ወንፊትም መልሳልኛለች። እግዜር ይስጥህ።

ለጠየቅኸኝ ሁሉ ደኅና ናት ብለህ ያዝልኝ። እበላለሁ። አልከሳሁም። እብጠት የለም። ደምም የለም፤ ሳሉ ማርቆስ ቀርቷል። ከዚህ ሌላ በወረቀት የሚጻፍ ነገር የለኝም።

ከግቢያችን ያለችውን ትንሿን ቤት አንዲት አስተማሪ ተከራይታለች። ወይዘሪት ንግሥት ትባላለች፣ አገሯ ደሴ ነው። ልብሷን ራሷ ታጥባለች፣ ስትስቅ አፏን አትሸፍንም፤ ስታልፍም መሪጌታን ቆማ ሰላም ትላለች። ይህን ለምን እንደምነግርህ አላውቅም። ዝም ብዬ ወሬ ነው።

ማሩን በባዶ ሆድህ ብላው።

እናትህ ይርጋነሽ

አሁን ደግሞ እኔ ገላው ከራሴ ልጠይቅህ። እውነት የእኔ ጋቢ ነው ያሳመማት? እሷ «ቀጥኖ ቢፈተል ይሻላል» እያለች ቀን ሙሉ እንዝርት ስታሾር እኔ ሃይ አላልኋትም። ጥፋቱ የጋቢው ከሆነ አልለብሰውም። እንዳትሸሽገኝ።


ብቸና፣ መጋቢት 19 ቀን 1963 ዓ.ም.

እቴቴ፣

ደግሜ ብጠይቅሽ በቁጣ የላክሽው ሁለተኛው ደብዳቤ ደርሶኛል። «ደኅና ነኝ ካልሁህ ምን ትፈልጋለህ? ሥጋ እንዳየ አሞራ አታንዣብብብኝ» ብለሻል። ሲጽፉት መሪጌታ ሳይሥቁ አልቀሩም። አጥፍቻለሁ፤ ማንዣበቤን ግን አልተውም።

አስቀድሜ ለመሪጌታ ልመልስ። መሪጌታ፣ ጋቢዎ ነጻ ነው። በሞጣ ጥጥ የምትፈትል ሴት ሁሉ ባቷ ደም ቢያረጋ ኖሮ በከተማው የሚራመድ ሰው ባልተገኘ ነበር። ይልበሱት።

እቴቴ፣ ባለፈው አንድ ነገር አስቀርቼብሽ ነበር። የማርቆሱ ሐኪም ሲሸኝሽ ለእኔ በላከው ወረቀት ግርጌ «ሳንባዋ ድኗል፤ ምክንያቱ ግን ይፈለግ» ብሎ ጽፏል። እስኪ አስቢው። በቅርብ አልወለድሽም፣ አጥንትሽ አልተሰበረም፣ ቢላ አልነካሽም፣ አልጋ ላይ አልከረምሽም። ታዲያ ደምሽን ያረጋው ማን ነው? ጎንደር መምህራችን «በዕድሜ የገፋ ሰው ደሙ ያለ ምክንያት ሲረጋ እግሩን ብቻ አትዩ፤ ከሰውነቱ ውስጥ የተደበቀ ነገር ፈልጉ» ይሉን ነበር። ያኔ ለፈተና ያህል ጽፌ ያዝሁት። አሁን በገበያ ቀን ብቸና መሐል ቆሜ የሰውን ሁሉ ባት ስመለከት ሰዉ የጠፋ በግ የምፈልግ ይመስለዋል።

የተደበቀው ምን እንደሆነ ዛሬ አልጽፍልሽም። ላይኖር ይችላልና በሌለ ነገር ለምን አስደነግጥሻለሁ? ካለም ቀድሞ የደረሰበት ያሸንፈዋል፤ ይህን በሙሉ ልቤ አምናለሁ። አለቃዬ «ወጣት ባትሆን ኖሮ እንዲህ አትልም ነበር» ይሉኛል። ይበሉኝ።

መጥቼ ልይሽ ፈቃድ ብጠይቅ «ጉንደ ወይን ላይ ፈንጣጣ ገብቷል፤ ከጨረስህ በኋላ» ተባልሁ። ስለዚህ እንደገና በወረቀት እጠይቅሻለሁ፣ እንደገናም ትቆጪኛለሽ። ምግብስ? ክብደትሽስ? ደምስ?

ልጅሽ አካለ ወልድ


ሞጣ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1963 ዓ.ም.

ከሞት የተነሣው ጌታ አንተንም ከፈንጣጣው ከነበቅሎህ ይጠብቅልኝ። እንኳን አደረሰህ። ዶሮውን ያለ አንተ በላነው፤ ያንተን ድርሻ ንግሥት በላችልህ።

ምግቡን ጠየቅኸኝ፤ በጾም ማን ይወፍራል? ጾሙ ያከሳውን ፋሲካው ይመልሰዋል። ደም ላልኸው ባለፈው ነግሬሃለሁ። እኔ እንደሆንሁ ትእዛዝህን ጠብቄ አለሁ። የትንሣኤንም ሌሊት ከሰው መሐል አልገባሁም፤ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከወይራው ሥር ሆኜ አስቀደስሁ። ሀብትነሽም ጉልበቴን ያመኛል ብላ ከእኔው ጋር ነበረች። ሁለት አሮጊቶች ግንድ ተደግፈን ፋሲካን ተቀበልን። ከደብዳቤው ይልቅ አንተው መጥተህ ብታየኝ ደስ ይለኛል፤ ፈንጣጣውን ግን ተጠንቀቅ፣ አደራህን።

እናትህ ይርጋነሽ

ገላው ነኝ። እሷ አሁን የምጽፈው የመጨረሻው ሰላምታ መስሏታል፤ ስለማታነብ ዕድሜ ለእሱ። አትጻፉ ያለችኝን ልጽፍልህ ነው። በሰሙነ ሕማማት ግራ እግሯ አብጦ ነበር፤ ያኛው ቀኙ ነበር፣ ይኸኛው ግራው ነው። ስትተነፍስም ጎኗን ትይዛለች። ሌላው ደግሞ ይቅርታ ልጠይቅህ። ከኅዳር ጽዮን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን መግባት ትታ ከደጅ ስትቆም «ምን ሆነሽ ነው ከእግዚአብሔር የተኳረፍሽው?» እያልሁ ስገሥጻት ከርሜአለሁ። ለካ እኔው ባነበብሁላት ደብዳቤ አንተ አዝዘሃት ኖሯል። ሐኪም ያዘዘውን መገሠጼ ስሕተት ነው። ይኸው ዝም ብዬአለሁ። እሷም «ሰላምታው ረዘመ» እያለችኝ ነው።


ብቸና፣ ሚያዝያ 21 ቀን 1963 ዓ.ም.

እቴቴ፣

ይህን የሚያነቡልሽ ወይዘሪት ንግሥት ናቸው። መሪጌታ አይደሉም፣ ደስታነሽም አይሰሙም። በሩን ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲያነቡልሽ ለብቻቸው በጻፍሁት ወረቀት አደራ ብያቸዋለሁ። የማላውቃቸውን ሴት በአደራ ማስቸገሬን ይወቁልኝ።

የበዓል ደብዳቤሽን አንብቤ ካጠፍሁት በኋላ እንደገና ዘረጋሁት። ከደጅ የምትቆሚው እኔ ስላዘዝሁሽ እንደሆነ ጽፈሻል። እቴቴ፣ እኔ ያዘዝሁሽ በጥር ነው። አንቺ ግን ከኅዳር ጽዮን ጀምሮ ከቅጥሩ ውጭ ነሽ፤ እግርሽ ሳያብጥ፣ ሳንባሽም ሳይወጋሽ። ገና ያልታዘዝሽውን ትእዛዝ ምን አስጠበቀሽ?

ሴት ከቅዳሴ የምትቀርበትን ምክንያት ከአንቺ ቤት ያደግሁ ስለሆንሁ ዐውቀዋለሁ። በልጅነቴ አንዳንድ ሰንበት «ዛሬ አንተ ግባ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ አስቀድሳለሁ» ትዪኝና ከወይራው ሥር ትቀሪ ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቅሽ ጆሮዬን ትቆነጥጪኝ ነበር። በኋላ፣ እኔ ወደ ጎንደር ልሄድ ስል፣ ያ ነገር ቀረ። ከዚያ ወዲህ ደጅ ቆመሽ አላየሁሽም። ዕድሜሽ ደርሶ ነበርና።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ። ቀርቶ የነበረው ደም ተመልሶ መጥቷል ወይ?

መልስሽ አዎ ከሆነ ባለፈው ያስቀረሁትን አሁን ልንገርሽ። አንዳንድ ጊዜ ነቀርሳ ከሰውነት ውስጥ ተሸሽጎ ሲያድግ፣ ባለቤቱ ሳያመው፣ እጅ ሳይዳስሰው፣ ደሙን ያወፍርበታል። የወፈረው ደም ባት ውስጥ ይረጋል፤ ከዚያ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ሰውም ሳንባዬን ታመምሁ ብሎ ሳንባውን ሲያስታምም ሌባው ከጓዳ ተቀምጧል። አንቺን ሁለት ጊዜ የወጋሽ ምናልባት ይህ ነው። ከተደበቁት ሁሉ ደግሞ የማኅፀኑ ይሻላል። እሱ ደም እየላከ ያለበትን ይናገራል፤ ቶሎ ከተደረሰበት ማኅፀኑ ወጥቶ ሰው ይድናል። የደረቀ ደም ተመልሶ ሲመጣ ኃጢአትም ውርደትም አይደለም። «ኑና እዩኝ» ማለት ነው።

በወረቀት ስጠይቅሽ መልሱን ማን እንደሚጽፍልሽ አለማሰቤ ከንክኖኛል። በይ አሁን አንቺና እኔ፣ ደግሞ አንዲት እህት ብቻ ነን። ንገሪኝ።

ልጅሽ


ሞጣ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1963 ዓ.ም.

አካልዬ፣

ንግሥትን «እንዳልሁት ጻፊ፣ ማሳመር የለም» ብያታለሁ።

አዎ።

ከጥቅምት ጀምሮ ነው። መጀመሪያ ጠብ ብሎ ቀረ። ምን መሰለኝ መሰለህ? ልጅነቴ የተመለሰ። ለብቻዬ ሳቅሁ። ቆይቶ ሲመላለስ ፈራሁ። አንድ ቀን ብዙ ይሆናል፣ ሳምንት ይጠፋል፣ ደግሞ ይመጣል። እንዲህ ሆኜ እንዴት ከቅጥሩ ውስጥ ልግባ? ለንስሐ አባቴ ልንገር ብዬ ሁለት ጊዜ ሄጄ ስለ ዝናብ አውርተን ተመለስሁ።

ማርቆስ ሐኪሙ ጠይቆኝ ነበር። የሚተረጉምለት ግን የደስታነሽ የእህት ልጅ ነው፤ ሲወለድ እልል ያልሁለት። እሱ ፊት «የለም» አልሁ። አንተም ጠየቅኸኝ። መልሱን በማን እጅ ልላክልህ? መሪጌታ ከማኅሌት ወጥተው፣ መቋሚያቸውን አስደግፈው፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው ያንን እንዲጽፉት ላድርግ? ከሚጽፉት ይልቅ ብሞት ይሻለኝ ነበር። ይኸው ልሞት ነበር ለካ።

አሁን ስማኝ። አዲስ አበባ መሄድ ካለ አልሄድም። ዓባይን ተሻግሬ አላውቅም። እዚያ ቢቆርጡኝና ብሞት ማን ያመጣኛል? እኔ የምቀበረው ጊዮርጊስ፣ ከባለቤቴ ጎን ነው፤ ቦታዬን ዐውቀዋለሁ። እውነቱን ንገረኝ፦ ብቀርስ? ብሄድስ?

ንግሥት እያለቀሰች ስለሆነ ፊደሉ ቢበላሽ እሷ ናት። መሪጌታ «ብዕሬ ምን አጠፋ?» ብለው አኩርፈዋል፤ ዛሬ በበራፌ ሲያልፉ ወደ ሰማይ እያዩ አለፉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከደጅ መቆም ሰልችቶኛል፣ ልጄ። ዜማውን እሰማለሁ፤ ከበሮውንም እሰማለሁ። የጊዮርጊስን ሥዕል ግን ካየሁት ቆየሁ። እንዲህ ሆኜ ከምሞት አንድ ቀን ገብቼ አይቼው ብሞት እወዳለሁ።

ይርጋነሽ


ብቸና፣ ግንቦት 4 ቀን 1963 ዓ.ም.

እቴቴ፣

እውነቱን ንገረኝ ብለሻልና እውነቱን። ብትቀሪ ነቀርሳው ያድጋል፤ ሦስተኛው የረጋ ደም መቼ ተነሥቶ የት እንደሚወተፍ ደግሞ ማንም አያውቅም። ብትሄጂ ቢላው ራሱ አደጋ አለው፣ ከቢላው በኋላም ደም ሊረጋ ይችላል። የማርቆሱን ሐኪም በስልክ አገኘሁት። ጉዳዩን ስነግረው «የጠየቅሁት ምክንያት ይኸው ነው፤ ዛሬ ነገ አትበል» አለኝ። ነገሩ ገና ከማኅፀን ካልወጣ ብዙዎቹ ይድናሉ። ወጥቷል አልወጣም ግን ሳይከፈት አይታወቅም። የማውቀው ይህን ያህል ነው። የቀረውን ዐውቃለሁ ብልሽ ዋሽቻለሁ።

ስለ መቀበሪያሽ። ብትሞቺ እኔ ራሴ ዓባይን አሻግሬ አምጥቼ ከጋሼ ጎን አስቀብርሻለሁ። ጠይቀሽኛልና ቃሌ ነው። ሌላ ቃልም ልጨምርልሽ፦ ሥዕሉን ታይዋለሽ።

ሾፌሩን በላቸውን አነጋግሬዋለሁ። የጉንደ ወይን መንገድ በክረምቱ ሳይጨቀይ፣ በመጪው ሳምንት ከሞጣ ይዞሽ ይነሣል። የፊቱ ወንበር ያንቺ ነው። እግርሽን ወይዘሪት ንግሥት በላክሁት ጨርቅ ከታች ወደ ላይ ይጠቅልሉልሽ። መኪናው ቶሎ ቶሎ ቆሞ ወርደሽ ትራመጃለሽ። በላቸው «መኪና ነው የምነዳ ወይስ በቅሎ?» ብሎ አጉረመረመ፤ ለማን እንደሆነ ስነግረው ግን «ለእሳቸውማ እየገፋሁም ቢሆን እወስዳቸዋለሁ» አለ። ማር ሰጥተሽዋል መሰለኝ።

ከብቸና ጀምሮ እኔ አብሬሽ ነኝ። አለቃዬ ፈቃድ ከለከሉኝ፤ ያለ ፈቃድ እንደምሄድ ስነግራቸው «ታዲያ ለምን ጠየቅኸኝ?» ብለው ፈረሙልኝ። ዓባይ ድልድይ ላይ ስንደርስ ከፈራሽ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ እጅሽን እይዛለሁ። እኔ ከፈራሁ ደግሞ አንቺ ትይዥኛለሽ።

እሺ ካልሽ የምትመልሺልኝ ደብዳቤ አያስፈልግም። መኪናው ላይ ውጪ።

ልጅሽ አካለ ወልድ


ብቸና፣ ሰኔ 24 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለእቴቴ ይርጋነሽ፣
አዲስ አበባ፣ ፈንታነሽ ቤት

እንግዲህ ቆረጡሽም አልሞትሽም። ከዘመዳችን ከፈንታነሽ ቤት የላክሽው ደብዳቤ ዛሬ ደረሰ። «ጥለኸኝ ከሄድህ ጀምሮ አንድ ቃል አልጻፍህልኝም፤ የሸሸግኸኝ ነገር አለ» ብለሽ ገምተሻል። አለ። ካንቺ የተማርሁት ነው።

ያወጡት ማኅፀን በሙሉ ወደ መመርመሪያ ቤት ተልኮ፣ ተከትፎ፣ በአጉሊ መነጽር እስኪታይ ሐኪሙ ምንም እንዳልነግርሽ አስጠንቅቆኝ ነበር። እኔም ግማሽ ወሬ ይዤ ልጽፍልሽ አልፈለግሁም። የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ሲያየኝ ገና ከሩቅ ራሱን መነቅነቅ ለምዶ ነበር። ትናንት ግን እጁን አወዛወዘልኝ።

ነቀርሳ ነበር። «ነበር» የምትለዋን ፈንታነሽ ደግማ ታንብብልሽ። ከማኅፀንሽ ግድግዳ ውስጥ ተሸሽጎ ነበር፤ ከዚያ አልፎ ወደ ሌላ ቦታ የሄደበት ምልክት አልተገኘም። ሐኪሙ የጻፈልኝ አንድ ገጽ ነው፤ እኔ እስክሸመድደው ድረስ አነበብሁት። «ሳንባዋ ባይወጋት ኖሮ ይህን ማንም ባላገኘው ነበር» ይላል። አስቢው፣ እቴቴ፤ ሊገድልሽ የመጣው ውጋት ነው የተደበቀውን ያጋለጠልሽ።

አሁን ደግሞ ማሳሰቢያ፤ ያለ እሱ እንደማልኖር ታውቂያለሽ። በየስድስት ወሩ መታየት አለብሽ። ተመልሶ ሊመጣ አይችልም አልልሽም። እስከ መስከረም ድረስ ፈንታነሽ ቤት ቆዪ፤ ክረምቱ ላይ ጉንደ ወይን መኪና አያሳልፍም። እግርሽን መጠቅለል እንዳትተዪ።

ቤትሽ ደኅና ነው። ዶሮዎችሽ አሉ። መሪጌታ በየጠዋቱ በራፍሽን ያስጠርጋሉ፤ ጋቢያቸውንም ለብሰዋል። ይህን ሁሉ የሚጽፉልኝ ወይዘሪት ንግሥት ናቸው፤ የሚጽፉልኝም ስለ ቤትሽ ብቻ ነው። አትሳቂ። ቁስሉ ገና አልደረቀም።

ልጅሽ አካለ ወልድ


ሞጣ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለልጃችን ለአካለ ወልድ፤ ቃሉ የይርጋነሽ፣ ፊደሉ እንደ ቀድሞው የመሪጌታ ገላው።

አካልዬ፣ «እንዴት ገባሽ?» ብለህ ነበር የጠየቅኸኝ። በእግሬ ነው የገባሁት፣ በምን ልግባ? ባለፈው እሑድ ማኅሌተ ጽጌው ሳያልቅ ደረስሁ። ከወይራው ሥር ስደርስ እግሬ ከልማዱ ሊቆም ፈለገ፤ ጎትቼው አለፍሁ። ሥዕሉ ካወቅሁት ትንሽ ደብዝዟል። ወይም ዓይኔ ነው። ቆሜ አየሁት፤ እሱም አየኝ። ከዚህ ሌላ የተናገርነውን አልነግርህም።

መሪጌታን ታረቅኋቸው። መጀመሪያ «ምን እንደታመምሁ እነግርዎታለሁ፣ እርስዎም ይጽፉታል» አልኋቸው። ማኅፀን የምትለዋ ላይ ሳል ሊይዛቸው ሲል «መሪጌታ፣ እርስዎም ከዚያው ነው የወጡት» ስላቸው ሳላቸውን ዋጡት። ይኸው፣ ማኅፀን፣ ማኅፀን፣ ማኅፀን፤ ሦስት ጊዜ አስጻፍኋቸው። (ጽፌአለሁ። ብዕሬም አልተሰበረም። ገላው።)

ንግሥት ፊደል ታስቆጥረኛለች። እስከ «ሐ» ደርሻለሁ። ለገና ትመጣለህ ብላኛለች፤ እኔ ሳልሰማ እሷ እንዴት ሰማች ብዬ አልጠየቅኋትም።

አሁን ደብዳቤውን ወዳስጻፈኝ ጉዳይ። ያን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ሀብትነሽን ከወይራው ሥር አገኘኋት። ለካ እኔ አዲስ አበባ ስከርምም ከዚያው አልተንቀሳቀሰችም። «ጉልበቴ ነው» አለችኝ። ጉልበቷን የሚያማት ሴት እስከ ወይራው ዳገቱን ወጥታ፣ ለቀሩት ለሁለቱ ደረጃዎች ነው የሚያማት? ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል። ቤቷ ወስጄ፣ በሩን ዘግቼ፣ የእኔን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኋት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች። ዛሬ ጠዋት መጥታ «በላቸው መቼ ነው የሚነሣው?» አለችኝ።

ነገ ይነሣል። የፊቱ ወንበር የእሷ ነው፤ እግሯን እኔው ጠቅልዬላታለሁ። ስትደርስ እንደ እኔ በወረቀት አትጠይቃት። ዘበኛውን ከበራፉ አርቀው፤ ወንበር አቅርብላት፤ መጀመሪያ ስለ ልጆቿ አስወራት። ከዚያ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ የት ሆና እንደምታስቀድስ ጠይቃት።

እናትህ ይርጋነሽ